ፖዝ የሌለው ጨዋታ

ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ ተኝቷል፤ ባሌ ጓዳ ሆኖ ዕቃ እያጠበ ነው። እኔ ሶፋው ላይ እግሬን አጥፌ ከማላውቀው ሰው ጋር ኦንላይን ኳስ እየተጫወትኩ ነው። 60ኛው ደቂቃ ላይ ደርሰናል፣ 2 ለ 1 እየመራሁ ነው። በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ድፎ ዳቦ ጋግረው ቁራሽ በሰሃን ይዘውልን መጥተዋል። ዳቦው ገና ትኩስ ነው፣ የኮባው ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? "ትንሽ ይቆዩኝ እትዬ፣ አራት ደቂቃ ቀርቶኛል" አይባልም። ጆይስቲኩን ጥዬ ተነሳሁ። ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው፣ አይ መሽቷል አልገባም አሉ፣ ግን እዚያው በር ላይ ቆመን ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው ፈተና፣ ስለ ውሃው ፈረቃ አወራን። ስመለስ ጨዋታው አልቋል። 5 ለ 2 ተሸንፌያለሁ። ያ ሰው፣ የት አገር እንደሚኖር እንኳ የማላውቀው፣ የኔ ተጫዋቾች ቆመው እያዩት አራት ጎል አግብቶብኛል።

በሰውዬው አልተቀየምኩም። ዳቦ እንደመጣልኝ በምን ያውቃል? ቅር ያለኝ በጨዋታው አሠራር ነው። ሰው ቤት ውስጥ እንደሚኖር፣ በር እንደሚንኳኳ፣ ልጅ እንደሚያለቅስ፣ ወጥ እንደሚያር ያላሰበ ጨዋታ ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለዚች ስለ ፖዝ፣ ጨዋታን ባለበት ስለምታቆመው ቁልፍ፣ ሳስብ ሰነበትኩ።

እኔ የለየልኝ ጌመር አይደለሁም። ሥራ አለኝ፣ የ6 ዓመት ልጅ አለኝ፣ እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ቀን ከተሳካልኝ ማታ ግማሽ ሰዓት እጫወታለሁ። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አልነካውም። ግን እወደዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፣ እና "ትልቅ ሰው ሆነሽ አሁንም ጌም?" ለሚሉኝ ሰዎች የማስረዳበት አጭር መልስ አግኝቼ አላውቅም። ይህ ረጅሙ መልስ ነው።

የመጀመሪያዬ ያቺ በእጅ የምትያዝ ግራጫ ስክሪን ያላት ቴትሪስ ነበረች። አብዛኛዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ታስገቡባታላችሁ፣ ጡቦቹ ከላይ ይወርዳሉ፣ ትደረድራላችሁ። ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ እንደፈጠረው ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው። ያኔ የማውቀው እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ዘይት አምጪ!" ብላ ስትጠራኝ የምጫነውን ቁልፍ ነው። ፖዝ። ረጅሟ ዱላ አየር ላይ ትንጠለጠላለች። ሱቅ ሄጄ ዘይቱን ገዝቼ፣ መልሱን ቆጥሬ፣ መንገድ ላይ ያገኙኝን ሁሉ ሰላም ብዬ እመለሳለሁ። ዱላዋ የተውኳት ቦታ ላይ ናት። አንድ ጣት አልወረደችም።

ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነበር። በቤታችን ውስጥ የሚጠብቀኝ ሌላ ነገር አልነበረም። ምሳ አይጠብቅም፣ ሰርቪስ አይጠብቅም፣ ወንድሜም አይጠብቅም።

ይቺ ፖዝ የምትባል ነገር ራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1976 ፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ የሚባል የቤት መጫወቻ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ካርትሪጅ፣ ማለትም የጨዋታ ካሴት፣ እየቀያየሩ የሚጫወቱበት ቀዳሚው የቤት መጫወቻ ነው። ሥራውን የመራው ጄሪ ላውሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ኢንጂነር ነበር። መጫወቻው ላይ "ሆልድ" የሚል ቁልፍ ነበረው፤ ሲጫኑት ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ላውሰን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፣ ያ ያሳዝነኛል። በየቤቱ ስንቱ ሰው ተጠርቶ የተነሳው፣ ተመልሶም ካቆመበት የቀጠለው እነዚያ ሰዎች መጫወቻው ሳሎን ውስጥ እንደሚቀመጥ ስላሰቡ ነው።

ያደግኩት ቀበና ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ግቢ በር ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ነበረች፤ ፕሌይስቴሽን ቤት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ወንድሜ በ4 ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን እሱን "እዚያ ቤት እንዳትገባ" ብላ ብትከለክለው አልሰማ ሲላት፣ "እንግዲያው እህትህን ይዘህ ሂድ" አለችው። እኔ ካለሁ እንደማይቆይ አስባ ነው። እኔ ግን አብሬው ቆየሁ። መጀመሪያ እያየሁ፣ ከዚያ እየተጫወትኩ። እዚያ የምትገባ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚያየኝ ሁሉ ያይ ነበር፣ ግን ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ወንድ ሴት የለም።

አንደኛው ጆይስቲክ የግራ ዱላው ላስቲክ አልቆ ፕላስቲኩ ብቻ ቀርቶ ነበር። አውራ ጣት ይልጣል። ባለቤቱ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል፣ ፕላስተሩ በላብ ይለቃል፣ እንደገና ይጠቀልለዋል። እስካሁን ድረስ አዲስ ጆይስቲክ ስይዝ አውራ ጣቴ ያንን ሻካራ ነገር ይፈልጋል። የምንጫወተው ፔስ 6 የሚባለውን የኳስ ጨዋታ ነበር። በዚያ ዘመን የተጫወተ ሰው አድሪያኖን ይረሳዋል ብዬ አላምንም። የኢንተሩ አድሪያኖ። በግራ እግሩ ከሳጥኑ ውጪ ሲለጋት በረኛው አይቷት አይደርስባትም። በኋላ ላይ እዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ኢንተርን መያዝ ተከለከለ። ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ሌላም ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። ሰው ጎል ሊያገባ ሲል ፖዝ ማድረግ ነውር ነው። ለዚህ ሰው ተደባድቧል። አንድ ነገር ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ከውጭ የእናት ድምፅ ከተሰማ። ያኔ እናቱ የጠራችው ልጅ ፖዝ አድርጎ ይወጣል፣ ተቃዋሚው ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፣ ተራ የሚጠብቁትም ዝም ይላሉ። አሥራ አምስት ልጅ የሚጨናነቅባት፣ ጩኸቷ እስከ አስፋልት የሚሰማ ክፍል ለአንድ እናት ፀጥ ትላለች። ያንን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል።

ከኳስ ሌላ የምንጫወተው ሳን አንድሪያስን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን። ተጫወትነው ማለት እንኳ ይከብዳል። ነዳነው። በየደብተሩ ጀርባ ኮዱ ተጽፏል፣ በቃሌ አሁንም እወጣዋለሁ፦ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ጤና፣ የጥይት መከላከያ፣ 250 ሺህ ዶላር። ከዚያ መኪና ይነጠቃል፣ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ፖሊስ ያባርራል። ሚሽን፣ ማለትም ጨዋታው የሚያዘውን ሥራ፣ የሚሠራ ልጅ አልነበረም። እንግሊዝኛውን ማን አንብቦት?

ከሁለት ዓመት በፊት ላፕቶፔ ላይ ጭኜው ከመጀመሪያው ጀመርኩት፣ በዚህ ጊዜ እያነበብኩ። ሲጄ፣ የጨዋታው ባለታሪክ፣ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው እናቱ ስለሞተች ነው። አምስት ዓመት ርቆ ቆይቶ ለእናቱ ቀብር ነው የመጣው። ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ዓመት ከድልድይ ላይ ስንወረውረው፣ ባሕር ውስጥ ስንነክረው የነበረ ልጅ ለቅሶ ላይ ነበር። እቤቱ ሲገባ ክፍሉ ባዶ ነው፣ የእናቱ ፎቶ አለ። ላፕቶፑን አቁሜ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ያኔ አንዳችን እንግሊዝኛ ብናውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ ለቀስተኛ መሆኑን አውቆ እንዴት ይነዳው ነበር እያልኩ አስባለሁ። የልቅሶ ቤት ሥርዓት የማያውቅ አንድም ልጅ እዚያ አልነበረም።

ስለዚህ "ጌም ታሪክ የለውም" ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይኼ ነው። ታሪክ አለው፤ እኛ ቋንቋው ስላልገባን ዘለነው። ጨዋታዎች በአማርኛ ቢሠሩ ብዬ የምመኘውም ለዚህ ነው። ቅኔ ጌምስ የሚባሉ የኛ ልጆች ኩኩሉ የሚል የስልክ ጨዋታ ሠርተዋል፤ ያመለጠች ዶሮ ትሮጣለች፣ እናንተ ታስመልጧታላችሁ። ልጄ ሲያያት ማብራሪያ አልጠየቀኝም። የበዓል ዶሮ ከእጅ ስታመልጥ በዓይኑ አይቷል።

አሁን የምጫወተውን ልንገራችሁ። ስታርዱ ቫሊ ይባላል። ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጨዋታ ነው። ሙዚቃውንም ሥዕሉንም ራሱ ነው የሠራው። የቢሮ ሥራ የሰለቸው ሰው አያቱ የተዉለትን እርሻ ሊያለማ ገጠር ይገባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ትቆፍራላችሁ፣ ትዘራላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ትተዋወቃላችሁ። እኔን የያዘኝ ግን የጊዜው አቆራረጥ ነው። እዚያ አንድ ቀን ማለት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ እኛ ጋር 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ስትተኙ ጨዋታው ይመዘገባል። ሁለት ቀን ኖሬ እተኛለሁ፣ እዚያም እዚህም።

አንድ እሁድ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። እናቴ ገጠር ነው ያደገችው፣ እርሻ በደንብ ታውቃለች።

"በሬው የታለ?" አለችኝ።

በሬ የለም እማዬ፣ በመቆፈሪያ ነው አልኳት።

"በሬ ሳይኖር ማን ያርሳል? ይህን ሁሉ መሬት በእጅ?" አዘነች፣ ከልቧ ነው ያዘነችው። ከዚያ ውሃ ሳጠጣ አየችና በየቀኑ መሆኑን ስትሰማ "ዝናብ የላቸውም?" አለች። ሲዘንብ አላጠጣም አልኳት። "ጎሽ" አለች። ቡናማ ላም ስገዛ ስም አውጪ አለኝ ጨዋታው። እናቴን ጠየቅኳት። አላመነታችም፤ "ዳማ" አለች። አባቷ ቤት የነበረችው ላም ናት ዳማ። እንዲህ ሆኖ እናቴ ስለዚያች ላም፣ ስለ ወተቷ፣ አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ማዶ ስለቀረችበት ሌሊት ነገረችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያት ኖሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጨዋታው ፖዝ ላይ ነበር፣ አንድ ሰዓት ያህል። ዳማ በረቷ ውስጥ እንደቆመች።

ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ ነው፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል። በሌላ ጨዋታ ቢሆን የሁለት ሰዓት ልፋት ይጠፋ ነበር። እዚህ የሚጠፋው አንድ ቀን ነው። ልጄ አንዴ ይህ ሲሆን በጨለማው ውስጥ "ማሚ፣ ዳማ በላች?" ብሎ ጠየቀኝ። መብራት ሲመጣ ጠዋቱን እንደገና እንጀምራለን አልኩት። ሻማ እስካበራ ድረስ ሲያስብበት ቆየና "እሺ፣ እኔ አበላታለሁ" አለ።

የማልወደውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። በየቀኑ ግባ የሚል ጨዋታ አልወድም። ዛሬ ካልገባሽ ስጦታሽ ያልፋል፣ ሰባት ቀን ሳታቋርጪ ከገባሽ ይህን ታገኛለሽ የሚለውን። እኔ ሰዓት የምፈርምበት መሥሪያ ቤት አለኝ፣ ሌላ አልፈልግም። ከዚያ የባሰው ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ፓክ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ ትከፍላለህ፣ ትከፍተዋለህ፣ ብዙውን ጊዜ ምንም የለውም፣ መብራቱና ርችቱ ግን ሌላ እንድትገዛ ያደርግሃል። ይህ የውርርድ ቤት ነው። ስሙ ቢቀየርም ውርርድ ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላ ወስናለች፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በፊፋ ጨዋታው ላይ ፓክ የሚገዛበትን ነጥብ እዚያ አገር መሸጥ አቁሟል። በየሰፈሩ ውርርድ ቤት በር ላይ ትኬት ቀድደው የሚጥሉ ወጣቶችን በየቀኑ የማይ ሰው ነኝና ልጄ ያንን ስሜት በ6 ዓመቱ በጨዋታ መልክ እንዲለምደው አልፈልግም። በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም።

ሱስ ነው ለሚሉትም አንድ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። መጀመሪያ ስሰማ ተቆጥቼ ነበር፣ እኛን ሁሉ በሽተኛ አሉን ብዬ። መስፈርቱን ሳነበው ግን ተስማማሁ። ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ማለትም ሲጠሩት መነሳት ያቃተው ሰው ነው። እንዲህ የሆነ ልጅ አውቃለሁ፣ እናቱ ምግቡን በር ላይ አስቀምጣለት ትሄድ ነበር። ለእሱ "ተነስ" ማለት ብቻ አልጠቀመውም፤ ሐኪም አስፈልጎታል። በዚህ ማፈር የለብንም።

ቀላሉን መርጦ መጫወትም አያሳፍርም። እኔ ሁልጊዜ ቀላሉን ነው የምመርጠው። ዳርክ ሶልስን የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ፣ ቀላል ከባድ የሚባል ምርጫ የሌለው ጨዋታ ነው፣ አንዱን ጭራቅ ለመጣል ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ ሲጥሉት ደስታቸውን ሳይ ደስ ይለኛል። ለእኔ ግን ሦስት ሳምንት ማለት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት ከባድ ሆኖ ሳለ ለሚፈልግ ፍጥነቱን የሚቀንስበት፣ የማይሞትበት መንገድ አበጅቷል፣ ተጫዋቹንም አይነቅፍም። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሠራ ሰው ይባረክ።

ወደ ኦንላይኑ ልመለስ። ከዚያ የድፎ ዳቦ ማታ በኋላ ከማላውቀው ሰው ጋር መጫወት ትቻለሁ። አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ወንድሜ። እሱ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ፕሌይስቴሽን 4ቱን ሲሄድ ለእኔ ትቶልኝ ነው የሄደው፣ እዚያ ሌላ ገዛ። በበጋቸው እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ ተኝቶ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ስልክ ስንደዋወል "እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ" ተባብለን እንዘጋለን። ስንጫወት ግን ያወራል። ስለ ኪራዩ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አለቃው፣ ኳስ እያቀበለ ያወራል። ሰው ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ባዶ ለባዶ ሆነን 50ኛው ደቂቃ አካባቢ ልጄ ቅዠት ይዞት ጮኸ። "ልጁ ነቃ" አልኩና ጆይስቲኩን ወርውሬ ሮጥኩ። አቅፌ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ሳሎን ስመለስ ሰዓቱ 85 ይላል። ውጤቱ ባዶ ለባዶ ነው። ኳሷ በወንድሜ ሁለት ተከላካዮች መሃል፣ ከግራው ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ያን ሁሉ ደቂቃ እንዲሁ ሲያቀባብል ቆይቷል።

"ተኛ?" አለኝ በጆሮ ማዳመጫው።

"ተኛ" አልኩት።

ኳሷን ወደ ውጭ ሰደዳት። የእጅ ውርወራው የኔ ሆነ።